በመንግሥት ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህር መሆን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልዩ ክፍል አስተምራለሁ። ታክሲ ውስጥም ሆነ ለቅሶ ቤት ሥራዬን ስናገር መጀመሪያ የምሰማው አንድ ነው፤ «ውይ፣ ጽድቅ ነው እኮ!» ይሉኛል። ጽድቁ ይቆየኝና ጥያቄው ይከተላል። ሙያውን ለመማር ያሰቡ ወጣቶች ይጠይቁኛል። ልጃቸውን የት እንደሚያስገቡ የጨነቃቸው ወላጆች ይጠይቁኛል። መስከረም ላይ ክፍላቸው ውስጥ ድንገት መስማት የተሳነው ተማሪ ያገኙ መምህራንም ይደውላሉ። እየተመላለሱ የሚመጡት እነዚህ ናቸው።

ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?

እንደ ተመደባችሁበት ቦታ ነው። ልዩ ትምህርት ቤት አለ፤ ሰበታ ያለው መርሐ ዕውራን ወይም መካኒሳ ያለው መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ማለት ነው። እዚያ ተማሪው በሙሉ ተመሳሳይ ፍላጎት ስላለው እንደማንኛውም መምህር የትምህርት ዓይነት ይዛችሁ ታስተምራላችሁ። ልዩ ክፍል ደግሞ መደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚገኝ አንድ ክፍል ነው። እኔ ያለሁት እዚህ ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለባቸው፤ ኦቲዝም ያለባቸውም አሉ።

ሦስተኛው የድጋፍ መስጫ ማዕከል ነው፤ ብዙ ሰው «ሪሶርስ ሴንተር» ይለዋል። እዚያ የሚመደበው ተዘዋዋሪ መምህር ይባላል። ዕቃው አንድ ትምህርት ቤት ይቀመጣል፤ መምህሩ በጉድኝቱ (አብረው በተቧደኑ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች) ውስጥ ያሉትን እየዞረ ተማሪውንም መምህሩንም ያግዛል። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። የትራንስፖርት ገንዘብ ካልተያዘለት ግን ተዘዋዋሪው ሳይዞር ዓመቱ ያልቃል።

ምን ልማር?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮተቤ፣ ጎንደር፣ ዲላና ጅማ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት (ሁሉንም ልጅ አብሮ የማስተማር) ክፍል አላቸው። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችም ያሠለጥናሉ። ፍሬሽማን እያላችሁ «ኢንክሉሲቭነስ» የምትባለውን ኮርስ ወስዳችሁ ይሆናል። እሷ ጥሩ መግቢያ ናት፤ በእሷ ብቻ ግን ክፍል አይገባም።

አንድ ምክር ልስጥ። ዲፓርትመንት ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ሳምንት ልዩ ክፍል ገብታችሁ ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሩን ብታስፈቅዱ አብዛኛውን ጊዜ እምቢ አይባልም። ነጥብ አልመጣ ብሎት ወደዚህ ዲፓርትመንት የተመደበ ሰው አውቃለሁ፤ ከሁላችንም የበለጠ ጎበዝ ወጥቶታል። ፈልጎ ገብቶ በሁለተኛው ወር የጠፋም አውቃለሁ።

ብሬይልም የምልክት ቋንቋም ማወቅ አለብኝ?

ትምህርት ላይ ሁለቱንም ትቀምሳላችሁ። መቅመስና መቻል ግን ይለያያል።

ብሬይል፣ ዓይነ ስውራን በጣት የሚያነቡት የነጥብ ጽሑፍ፣ እንደሚፈራው አይደለም፤ ቀላል ነው። ስድስት ነጥብ ነው፤ ሁለት ዓምድ፣ በየዓምዱ ሦስት። በአማርኛ ብሬይል አንድ ፊደል ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ይጻፋሉ። «ላ»ን ለመጻፍ መጀመሪያ የ«ል»ን ነጥቦች፣ ቀጥሎ የአናባቢዋን ነጥቦች ትወጋላችሁ። በስሌት (ወረቀቱን በሚይዝ ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) እና በስታይለስ (በመውጊያ) ስትጽፉ ደግሞ የምትወጉት ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ታነባላችሁ። መጀመሪያ ሰሞን ጭንቅላት ያዞራል። ሁለት ሳምንት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ከሠራችሁ ግን በዓይናችሁ ታነቡታላችሁ። በጣት ማንበብ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ለተማሪዎቻችን ተዉላቸው።

የምልክት ቋንቋ ግን ቋንቋ ነው። ራሱን የቻለ ሰዋስው አለው፤ አማርኛን በእጅ መናገር አይደለም። የጣት ፊደሉ ግን በጣም ደስ ይላል። የእጃችሁ ቅርጽ ፊደሉን ይነግራል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የትኛው እንደሆነ የሚለየው እንቅስቃሴው ነው። ፊደል ገበታውን ጎን ለጎን እንደ መዘመር ነው። ስማችሁን ለመጻፍ አንድ ከሰዓት ይበቃል። ቋንቋውን ለመናገር ግን ዓመታት ከመስማት የተሳናቸው ሰዎች ጋር ቡና መጠጣት ይጠይቃል። ኮርስ ወስጃለሁ ብለው መስማት የተሳናቸው ልጆች ፊት የሚቆሙ መምህራን አሉ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ምን እንደሚባባሉባቸው ቢያውቁ ይደነግጡ ነበር።

አንድ ቀን ምን ይመስላል?

ጠዋት በር ላይ እቆማለሁ። ማን እንዴት እንዳደረ ከፊታቸው አያለሁ፤ ቁርስ ያልበላውን፣ ያለቀሰውን፣ መድኃኒቱን ያልዋጠውን። ከዚያ ክፍል እንገባለን፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን የቀኑን መርሐ ግብር እናያለን። ስዕል ናት። ከአሮጌ መማሪያ መጽሐፍና ከካላንደር ቆርጬ ካርቶን ላይ የለጠፍኳት ናት፤ ሰልፍ፣ ፊደል፣ እጅ መታጠብ፣ ምግብ፣ ጨዋታ፣ ቤት። አንዱ ሲያልቅ ስዕሉን እንገለብጠዋለን። «ቀጥሎ ምንድን ነው?» የሚለው ጭንቀት ግማሹን ረብሻ እንደሚያመጣ የገባኝ ይህችን ካርቶን ከሰቀልኩ በኋላ ነው።

ፊደልና ቁጥር እናስተምራለን። ትልቁ ሥራ ግን የዕለት ተዕለት ኑሮ ክህሎት ነው፤ ሽንት ቤት መሄድ፣ ጫማ ማሰር፣ ገንዘብ መለየት፣ ስምና ሰፈርን መናገር። እዚህ ላይ የሙያው ቁም ነገር አለ። እኛ አንድ የምንለው ነገር ለልጁ አሥር ነው። የዩኒፎርም ሹራብ መቆለፍን ውሰዱ። ቁልፉን ማግኘት፣ በሁለት ጣት መያዝ፣ ቀዳዳውን በሌላው እጅ መክፈት፣ ቁልፉን ማጋደም፣ ጫፉን ማስገባት፣ እጅ መቀያየር፣ ጎትቶ ማውጣት። አንድ ተማሪዬን ይህን ያስተማርኩት ከመጨረሻው ጀምሬ ነው። ሌላውን ሁሉ እኔ ሠርቼ፣ ቁልፉ ቀዳዳውን ሲጋመስ «በል ጎትት» እለው ነበር። ጎተተ፣ ተቆለፈ፣ ጨረሰ! ከመጀመሪያ ብናስጀምረው ሰባት ጊዜ ይወድቃል። ከመጨረሻ ስናስጀምረው በየቀኑ የሚጨርሰው እሱ ነው። ከዚያ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ጥቅምት ላይ ጀምረን የካቲት ላይ ብቻውን ቆለፈ። ያን ቀን ሹራቡን ሃያ ጊዜ ሳይፈታና ሳይቆልፍ አልቀረም፤ ሌላ ትምህርት አልተማርንም።

የትምህርት ቤት ምገባ ከተጀመረ ወዲህ ምሳ ሰዓትም ክፍለ ጊዜ ሆኖልኛል። ተሰልፎ መጠበቅ፣ ሳህን መያዝ፣ እንጀራ ቆርሶ ወጥ ማጥቀስ፣ ሳህን መመለስ። በዚህ መሐል አንድ መምህር በበር ብቅ ይልና «ልጆችሽ የውሃውን ቧንቧ ከፍተውታል!» ይለኛል። ልጆችሽ። ይህችን ቃል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ስንት ተማሪ ነው የሚኖረኝ?

ከመደበኛው ክፍል በጣም ያነሰ ነው። ቁጥሩን ሰምታችሁ ግን «አሥራ ሁለት ብቻ?» እንዳትሉ። ረዳት ከሌላችሁ አንዱን ሽንት ቤት ስትወስዱ አሥራ አንዱን ማን ያያል? ቅጥር ስትጠየቁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ስለ ረዳት ይሁን።

ልጆቹ አይማቱም? አትፈሪም?

አንዳንዴ ይመታሉ፣ ይነክሳሉም። ክንዴ ላይ ምልክት አለኝ። ግን ልጅ ያለ ምክንያት አይነሳም። መናገር ያልቻለ ልጅ በሰውነቱ ነው የሚናገረው። የእኛ ሥራ ከመማታቱ በፊት ምን ነበረ የሚለውን መጻፍ ነው። ከመሆኑ በፊት፣ ሲሆን፣ ከሆነ በኋላ። ሦስት ዓምድ አስምሩና ለሁለት ሳምንት መዝግቡ።

አንድ ኦቲዝም ያለበት ተማሪ ነበረኝ። በቀን ብዙ ጊዜ ጆሮውን ይዞ ይጮህና በሩን በርግዶ ይሮጣል። «ባሕርዩ ነው» አሉ። ስመዘግብ ሁሉም ከደወል ጋር ገጠመ። የእኛ ደወል የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመታ እኔንም ያስደነግጠኛል። ልጁን የሚያሳብደው ድምፁ ብቻ አልነበረም፤ መቼ እንደሚመጣ አለማወቁ ነበር። ጋሼ ዘበኛውን ለመንኳቸው። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ልጁን ይዤው እሄዳለሁ፣ ብረቱን ለእሱ ይሰጡታል፣ እሱ ይደውላል። የመጀመሪያውን ሳምንት በአንድ እጁ አንድ ጆሮውን ይዞ ነው የደወለው። ከወር በኋላ እኔ ሰዓቱን ስረሳ እሱ ነበር የሚያስታውሰኝ። ጋሼ ሥልጠና አልወሰዱም፤ ከእኔ በላይ ግን ረዱት።

ሁሌ እንዲህ ያምራል ማለት አይደለም። ለወራት መዝግቤ ምክንያቱን ያላገኘሁለት ልጅም አለ።

አይኢፒ ምንድን ነው? ስንት ገጽ ይሁን?

የተናጠል የትምህርት ዕቅድ ነው። ልጁ አሁን ምን ይችላል፣ በዚህ ሴሚስተር ምን እንዲችል እንፈልጋለን፣ ማን ምን ያደርጋል፣ በምን እናውቃለን። አንድ ገጽ ይበቃል። «ንጽሕናውን ያሻሽላል» ብላችሁ አትጻፉ። «ከሽንት ቤት ሲወጣ ሳይነገረው እጁን በሳሙና ይታጠባል» ብላችሁ ጻፉ። ሁለተኛውን ዘበኛውም ማረጋገጥ ይችላል። ለሱፐርቫይዘር ተብሎ የተሞላና ፋይል ውስጥ የተኛ ባለ ስምንት ገጽ አይኢፒ ብዙ አይቻለሁ።

የመደበኛ ክፍል መምህር ነኝ። 60 ተማሪ ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ልጅ ተመድቦብኛል። ምን ላድርግ?

በዛሬው ክፍለ ጊዜ ምላሳችሁን ስሙት። «ይሄንን ከዚህ ጋር ስንደምር ይህቺ ትመጣለች» እያላችሁ ሰሌዳ ላይ ትጠቁማላችሁ። ዓይነ ስውሩ ተማሪ ምን ሰማ? «ይሄ»፣ «ዚህ»፣ «ይህቺ»። የምትጽፉትን እየጻፋችሁ በቃል አንብቡት። ይህ ብቻ ግማሽ መንገድ ነው፤ አንድ ብር አያስወጣም፤ ማየት ለሚችለው ለኋላ ወንበርተኛም ይጠቅማል። በተረፈ አባከስ (በዶቃ የሚቆጠርበት የሒሳብ መሥሪያ) አስፈልጉለት። ለረጅም ዘመን ዓይነ ስውር ተማሪዎች ሒሳብ ሳይማሩ እንዲያልፉ ሲደረግ ኖሯል። «አይከብዳቸውም?» ተብሎ በአዘኔታ ነው። በዚያ አዘኔታ ስንት የሙያ በር እንደተዘጋባቸው አስቡት።

መስማት የተሳነው ከሆነ ደግሞ ወደ ሰሌዳ ዞራችሁ አታውሩ። ፊታችሁ ብርሃን ላይ ይሁን፤ መስኮቱ ከጀርባችሁ ከሆነ የሚያየው ጥላ ነው።

ተማሪዬ ኦቲዝም ያለበት ይመስለኛል። ታረጋግጪልኛለሽ?

አላረጋግጥም። መምህር ምርመራ አይሰጥም፤ የሐኪም ሥራ ነው። እኔ የምሠራው ያየሁትን መጻፍና ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ ማገዝ ነው። ከዚያ በፊት ግን ቀላሉን አረጋግጡ፤ ዓይንና ጆሮ። «ዘገምተኛ ነው» ተብሎ ወደ እኔ ክፍል የተላከ ልጅ ከሩቅ ማየት የማይችል ሆኖ ተገኝቷል። መነጽር አገኘ፣ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። እንዲህ ያለው ስህተት ብርቅ አይደለም።

ወላጆቹስ?

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የምትመጣው እናት ናት። ብዙዎቹ ብቻቸውን ነው የሚያሳድጉት፤ አባት «ከእኔ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብሎ የሄደበት ቤት ብዙ ነው። ወደ እኔ ከመድረሷ በፊት ጠበል ሄዳለች፣ ጸሎት ቤት ሄዳለች፣ ሐኪም ቤት ተመላልሳለች። ጎረቤት እርግማን ነው ብሏታል። እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ አስገብታ ይሆናል። ይህን ስትነግረኝ አልፈርድባትም። ጠበሉንም ተይው አልላትም። «መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ሂጂ» እላታለሁ። የምትሰማኝ እንዲህ ካልኳት ነው።

ስታናግሯቸው ከችግሩ አትጀምሩ። ሲደወልላት «ደግሞ ምን አጠፋ?» ብላ ነው ስልኩን የምታነሳው፤ ስንት ዓመት ሙሉ ለጥፋት ብቻ ተጠርታለች። በመጀመሪያው ወር ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ጊዜ ለደግ ነገር ብቻ እደውላለሁ። «ዛሬ ሳህኑን ራሱ መለሰ፤ ይህንን ልነግርሽ ነው።» አንዷ እናት ዝም አለችኝ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ፣ ሄሎ» አልኩ። እያለቀሰች ነበር።

ሌላው ችግር መውደድ ነው። ልጁን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ የሚያጎርሱት፣ ጫማ የሚያስሩለት ወላጆች አሉ። እዚህ አራት ወር የለፋሁበት ቁልፍ ለክረምት ቤት ሲገባ ይጠፋል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ለየወላጁ አንድ ነገር ብቻ እሰጣለሁ፤ «ክረምቱን ሹራቡን አትቆልፊለት፣ ቢዘገይም ጠብቂው።» ሦስት ነገር ብትሰጡ አንዱም አይሠራም።

ደመወዙ ይሻላል?

የመምህር ደመወዝ ነው። እንደ ማንኛውም መምህር ከጀማሪ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ባለው የእድገት መሰላል ትወጣላችሁ። ተጨማሪ አበል የሚከፈልበት ቦታ አለ፣ የማይከፈልበትም አለ፤ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። እኔን የሚያናድደኝ የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ነው። ፎርሙ «ስንት ተማሪ ከ50 በመቶ በላይ አመጣ?» ይላል። ሹራብ የቆለፈው ልጅ በየትኛው ሳጥን ይግባ?

ሕጉ ምን ይላል?

ሕጉ ጥሩ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት ነው። ትምህርት ሚኒስቴርም በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቶ በ2004 ዓ.ም. አሻሽሎታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ እንዲሆን አስገድዷል።

እነዚህን ቁጥሮች ደብተራችሁ ላይ ጻፏቸው፤ ስብሰባ ላይ ይሠራሉ። ራምፕ ሠርተው ሽንት ቤቱን ባለ ሦስት ደረጃ ያደረጉ ሰዎችን ለማነጋገር ያስፈልጓችኋል። ከአዋጁ በላይ የሚሠራው ግን የስኩል ግራንት (ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ድጎማ) በጀት ሲደለደል ክፍሉ ውስጥ መገኘት ነው። ከወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ሰብሳቢ ጋር ተዋወቁ።

አሜሪካ ነው ያለነው። ልጃችን አይኢፒ ያስፈልገዋል ተባልን። ልንፈርም ወይስ አንፈርም?

የዘመድ ስልክ ነው ይህ። እዚያ አይኢፒ ከእኛ በጣም የጠነከረ ነገር ነው። አይዲኢኤ በሚባለው ሕግ የተደገፈ፣ ትምህርት ቤቱን የሚያስገድድ ሰነድ ነው። ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመመርመርም ሆነ አገልግሎቱን ለመጀመር የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ለስብሰባው አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ማቅረብ ያለባቸው እነሱ ናቸው። ትልቁን ልጃችሁን ስለ ታናሹ እንዲያስተረጉም አታድርጉት። «ስፔሻል ኤጁኬሽን» ሲባል ስም የሚያጠፋ መስሏቸው እምቢ የሚሉ አሉ። አገልግሎቱን ልጁ ሳያገኝ ዓመታት ያልፋሉ።

በጣም የሚያደክምሽ ምንድን ነው?

ልጆቹ አይደሉም። «ልጆችሽ» የምትለዋ ቃል ናት። የተሰበረ መስኮት፣ የጠፋ ኳስ፣ የተከፈተ ቧንቧ ሁሉ «ልጆችሽ» ይሆናል። ሽልማት ሲሰጥ፣ ጉዞ ሲኖር፣ የወላጆች በዓል ሲዘጋጅ ግን ይረሳሉ። የሚታወሱት ኅዳር 24፣ የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበርና ካሜራ ሲመጣ ነው።

ስለዚህ ሆን ብዬ አበድራቸዋለሁ። ስፖርት፣ ሥዕልና ሙዚቃ ከእኩዮቻቸው ጋር ይማራሉ። መጀመሪያ የስፖርት መምህሩ አጉረመረመ። ሁለት ሦስት ልጅ እየሰጠሁት፣ እኔም ሜዳው ዳር ቆሜ ለመድነው። አምና አንድ ቀን ስታፍ ክፍል ገባና «ያ ልጄ ዛሬ ለምን ቀረ?» አለኝ። «ልጄ» ነው ያለው። ሻዬን ጨርሼ ነው የመለስኩለት፤ መድገም ይችል እንደሆነ ብዬ።

መስከረም ላይ ሥራ ልጀምር ነው። ምን ይዤ ልግባ?

ቅያሪ ሱሪ፣ በሁለት ልክ። ሶፍትና ሳሙና፤ ትምህርት ቤቱ ይሰጣል ብላችሁ አትጠብቁ። መቀስ፣ ማስቲሽ፣ ካርቶን። ክዳናቸው የሚዞር ባዶ ጠርሙሶች፤ ለጣት ማሠልጠኛ ከየትኛውም የተገዛ መጫወቻ ይሻላሉ። ለመመዝገቢያ ትንሽ ደብተር። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ፣ ትሮጣላችሁ።

እና የመጀመሪያው ጠዋት ሰልፍ ላይ ልጆቹ የት እንደሚቆሙ እዩ። ሽንት ቤቱ አጠገብ፣ ለብቻቸው ከሆነ፣ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ዩኒት ሊደሩን አነጋግሩት።